ባዶ ውሃ

በ1971 ዓ.ም. አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ወልድያ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ ጋሽ ሞላ የሚባል ሰው ባትሪ ቤት ተቀጠርሁ። ባትሪ ቤት ማለት የመኪና ባትሪ የሚሞላበትና የሚታከምበት ቤት ነው፤ የዛሬ ልጆች ስልክ የሚሞላበት ይመስላቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ አምና ድረስ እጄ ከአሲድ አልወጣም። አምና መርሳ ያለውን ሱቄን ዘጋሁ። ለምን ዘጋህ የሚለኝ ሰው በዛ፤ ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማስረዳ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ እጄም ይንቀጠቀጣል። ያልገባው ካለ መርሳ መጥቶ ይጠይቀኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር። ይህ ሥራ ጭንቀት ነው። ግንበኛ የገነባውን ቆሞ ያየዋል። ልብስ ሰፊ የሰፋውን ደንበኛው ፊቱ ለብሶ ይዞርለታል። የባትሪ ሠራተኛ ግን ሥራው የሚፈተነው እሱ በሌለበት ነው። እኔ መርሳ ቁጭ ብዬ ምሳዬን ስበላ፣ የሞላሁት ባትሪ አንዱ ዳገት ላይ፣ አንዱ ወንዝ ዳር ቁልፍ ይዞርበታል። ወይ ያስነሳል፣ ወይ ያስቀራል። ደግሞ ባትሪ አይናገርም። ጎማ ሲተነፍስ ይታያል፤ ዘይት ሲያፈስ መሬቱ ይመሰክራል። ባትሪ ግን ጥቁር ሳጥን ነው፤ ሲኖርም ሲሞትም መልኩ ያው ነው። ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ጆሮዬ መንገድ ላይ ነበር።

ጋሽ ሞላ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ባርኔጣውን የማያወልቅ ሰው ነበር። ባትሪ ሲሞላ ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። የመኪና ባትሪ ውስጡ ስድስት ቤት ነው፤ ሲሞላ እያንዳንዱ ቤት ይፈላል። ጤነኛው ቤት እንደ ሽሮ ድስት ወጥ ሆኖ ይንተከተካል። የታመመው አንዴ ጓ ይልና ዝም ይላል። ጋሽ ሞላ አዳምጦ «ሦስተኛው ቤት አኩርፏል» ይላል። እኔ ብለጥፍ ብለጥፍ ምንም አልሰማም።

«ያንተ ጆሮ ለዘፈን ነው የተሠራ» ይለኛል።

ዓመት ፈጅቶብኝ መስማት ጀመርሁ። የሰማሁ ዕለት «ጋሼ፣ ይሄኛው አኩርፏል» ስለው፣ ሄዶ ሻይ ገዝቶ አመጣልኝ። እሱ ሰውን የሚያመሰግነው እንዲያ ነው።

ሌላው አመሉ ውሃው ነበር። ባትሪ በሠራ ቁጥር ውስጡ ያለው ውሃ ይተናል፤ አሲዱ ይቀራል። ውሃው ሲጎድል ላሜራው፣ ማለት ውስጥ የተደረደረው እርሳስ፣ ራቁቱን ይቀራል፤ ራቁቱን ከቀረ ደግሞ ይሞታል። ስለዚህ ውሃ ይጨመርበታል። የቧንቧ ውሃ ግን አይሆንም፤ የወንዝም አይሆንም። ጋሽ ሞላ ውሃውን ልክ እንደ አረቄ አድርጎ ነበር የሚያወጣው። እንስራ ይጥዳል፣ ቱቦ ያገናኛል፣ ተንኖ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ የሚለውን በጠርሙስ ይቀበላል። አንድ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር እውነትም አረቄ መስሎት ተደብቆ ተጎነጨና «አይ ሞላ፣ ይሄ አረቄህስ ሞቶብሃል!» አለው።

ያን ውሃ ጋሽ ሞላ «ባዶ ውሃ» ይለዋል። አንድ ቀን እኔ ለአንድ ሾፌር ሳስረዳ «ንጹሕ ውሃ ጨምርበት» ብል፣ በያዘው መፍቻ እጄን መታኝ።

«ንጹሕ አትበል! ንጹሕ ለሰው ሁሉ የየራሱ ነው። ለአንዱ ምንጩ ንጹሕ ነው፣ ለአንዱ ዝናቡ ንጹሕ ነው። ባዶ በል። ጨው የሌለበት፣ አፈር የሌለበት፣ በረከትም የሌለበት!»

በረከትም የሌለበት ሲል፣ ደጁ ላይ ያልፉ የነበሩ አንዲት ባልቴት አማትበው መንገድ ተሻገሩ። እኔም ሰውየው ነገር የሚያከር መሰለኝ። እጄ አብጦ ሰነበተ።

ሾፌሮቹን የሚያስቃቸው ግን ሦስተኛው አመሉ ነው። ባትሪ ሠርቶ ሲያስረክብ ሾፌሩ ጎን ወጥቶ ይቀመጣል። መኪናው ወደ ቆቦ የሚሄድ ከሆነ አለውሃ የሚባለው ወንዝ ድረስ አብሮ ይሄድና፣ መሐል ሜዳ ላይ «አጥፋው» ይላል።

«ጋሽ ሞላ፣ ባይነሣስ?»

«ባይነሣ እኔም አብሬህ እዚሁ እቀራለኋ! አጥፋው ነው የምልህ!»

ሾፌሩ እየፈራ ያጠፋል። ቁልፉ ይዞራል፤ ሞተሩ ይነሣል። ጋሽ ሞላ ይወርድና በሚመለስ መኪና ወልድያ ይገባል። ለምን ትደክማለህ ሲባል «ቃል ብቻውን መንገድ አይሄድም» ይላል። እስኪሞት እንዲሁ አደረገ።

እሱ ከሞተ በኋላ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ገባሁ። ደሞዙ ደኅና ነበር፤ ወረቀቱ ግን በዛ፤ ትንሽ አሲድ ለማውጣት ሦስት ሰው መፈረም አለበት። የጋራዡ አለቃ ሲናገር የሚጮህ፣ ሲጮህ የሚስቅ ሰው ነበር፤ መቆጣቱን ከመሳቁ መለየት ስላቃተኝ ዓመታት ሙሉ ስፈራው ኖርሁ። ከዚያ ወጥቼ መርሳ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። ሽንኩርትና ብርቱካን የሚጭኑ መኪኖች፣ ማሳ የሚያጠጡ የውሃ ፓምፖች፣ ወፍጮዎች፣ የሐብሩ ወረዳ ባትሪ ሁሉ በኔ እጅ አለፈ። የጋሽ ሞላን አመል አልተውሁም፤ ወደ ሰሜን የሚሄደውን እስከ ሲሪንቃ፣ ወደ ደቡብ የሚሄደውን እስከ ውርጌሳ እየሸኘሁ «አጥፋው» እል ነበር።

የተውሁት «ባዶ» የሚለውን ቃሉን ነው። ይህም የሆነው ሐራ ላይ ነው። የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ ሐራ ላይ የማሽን ባትሪ ጠባቂ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ብዙ ሰው ከብዙ አገር የመጣበት ቦታ ነው። እኔ «ባዶ ውሃ አምጡ» ስል ባዶ ጀሪካን ያመጡልኛል። «ባዶ አይደለም፣ ባዶ ውሃ!» ስል ሁለት ባዶ ጀሪካን ያመጡልኛል። አስተርጓሚው ትሑት ልጅ ነበር። «ጋሼ፣ ለምን አይገላገሉም? ንጹሕ ውሃ ይበሉ» አለኝ። አልሁ። ወዲያው ገባቸው። ከዚያ በኋላ እኔም ንጹሕ ውሃ ማለት ለመድሁ፤ አፍም ላይ ያምራል። ሐራ ያለው ሥራ ሲያልቅ ያን ቃል ይዤው መርሳ ተመለስሁ።

በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ከወፍጮ ሞተር ዲናሞ አገናኝቼ ባትሪ ስሞላ ነበር። ስለዚያ ጊዜ ሌላ የምለው የለኝም።

አሁን ወደ ጀልባዋ ልምጣ።

ልጄ ስንዱ ትባላለች። ባሏ አስናቀ የመርሳ ልጅ ነው፤ ወደ ደሴ መንገድ፣ ሐይቅ ላይ፣ ባለ ሞተር ጀልባ ገዝቶ ዓሣ ያወጣል። እሱ በሚኒባስ ይልካል፣ እሷ ሱቄ ደጃፍ ላይ ትሸጣለች፣ የተረፈውን ለወልድያ ሆቴሎች ታስረክባለች። ትልቁ ገበያቸው ሁዳዴ ነው። ቄሶቹ በጾም ዓሣ አይበላም ይላሉ፤ ሆቴሎቹ ይበላል ይላሉ፤ እኔ በዚህ ጉዳይ የለሁበትም።

የጀልባ ባትሪ ከመኪና ባትሪ ይልቅ ይጎሳቆላል። ማዕበሉ ያንገጫግጨዋል። እርጥበቱ ማሰሪያው ላይ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። ሞተሩ ለአጭር መንገድ ስለሚነሣ ያወጣውን ሳይመልስ ይጠፋል፤ በዚያ ላይ መብራቱ አለ፣ ስልክ ይሞሉበታል። ስለዚህ አስናቀን ቁጭ አድርጌ አስተማርሁት። ባትሪውን በሳንቃ ሳጥን አድርገህ ከጀልባዋ ወለል ጋር እሰረው። ገመዱ የሚታሰርባቸውን ራሶቹን ግራሶ ቀባ። ወደ ዳር ስትወጣ ገመዱን ፍታ። በየጊዜው ወደኔ ላከው፤ እኔ በቀስታ እሞላዋለሁ፤ ባትሪ በችኮላ ሲሞላ በግድ እንዳጎረሱት ሕፃን ነው፣ መልሶ ይተፋል።

«ውሃው ሲጎድልስ አባባ?» አለኝ። አስናቀ ሲጠራኝ አባባ ነው የሚለኝ።

«ላሜራው እስኪሸፈን ጨምር። ንጹሕ ውሃ ብቻ። ንጹሕ ካልሆነ ጠብታ እንዳታስገባ።»

አንድ ጠርሙስ ሰጥቼ ላክሁት። አንድ ነገር ግን አላደረግሁም፤ ጀልባዋ ላይ አልወጣሁም። እኔ ውሃ እፈራለሁ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ድልድዩን እንኳ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምሻገረው።

«እንደ ጋሽ ሞላ አይሸኙኝም?» ብሎ ሲቀልድብኝ፣

«እኔ የባትሪ ሰው ነኝ እንጂ የዓሣ ሰው አይደለሁም። ያስነሳል አልሁህ፤ ያስነሳል» አልሁት።

አምና ሁዳዴ ከገባ በኋላ ያ ባትሪ አመሉ ተለወጠ። ሞልቼ እልከዋለሁ፤ ጥቂት ቀን ሳይቆይ ደክሞ ይመለሳል። ዲናሞውን አስመረመርሁ፤ ደኅና ነው። ገመዱን አስቀየርሁ፤ ያው ነው። የአሲድ መለኪያውን ስነክርበት በሞላ ማግሥት ልክ ያሳየኛል። ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ለጠፍሁ። እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ጆሮዬ አርጅቷል። ስድስቱም ቤት እንደ ሩቅ ዝናብ አንድ ድምፅ ሆኑብኝ።

አስናቀ «አዲስ ልግዛ ይሆን?» አለኝ።

«አዲሱ ድፍን ነው» አልሁት። አሁን የሚመጣው ባትሪ ክዳን የለውም፤ ውስጡ አይታይ፣ ውሃ አይጨመርበት። «ቢታመም በምን ታውቃለህ? ይሄን የማውቀው እኔ ነኝ። ያስነሳል።»

ይዞት ሄደ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አለኝ። ስልክ በጠራ ቁጥር ከርጩማዬ እነሣለሁ። ስንዱ «አባባ፣ ምን ሆኑ?» ስትለኝ «የጾም ምግብ ነው» እላለሁ።

በዚያው ሳምንት አርብ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ስንዱ ደጃፌ ላይ የዓሣ ሳህኗን ታጥባለች። አስናቀ ነው። ከድምፁ ነፋሱ ይበልጥ ነበር።

«አባባ፣ እምቢ አለኝ።»

«ሞተሪኖው ምን ይላል?»

«ጢቅ ይልና ዝም።»

«ስንት ጊዜ ሞከርህ?»

«እንጃ፣ ብዙ።»

«ተው! ቁልፉን ንቀል! እጅህን ከዚያ አርቅ!»

ስንዱ ሳህኗን ጥላ መጣች። የባሏን ስም በከንፈሯ ብቻ ጠየቀችኝ፤ ራሴን ነቀነቅሁ።

«የት ነህ?» አልሁት።

«መሐል ነኝ። ነፋሱ ተነሥቷል፤ ዳር ወዳለው ትልቅ ድንጋይ ይገፋኛል።»

«መቅዘፊያስ?»

«አንዱ ተሰብሯል። ባንዱ ስቀዝፍ ባለችበት ትዞራለች። ውሃም ይረጭብኛል፣ መረቡ ሙሉ ስለሆነ ዝቅ ብላለች።»

«ስልክህ ስንት ቀረው?»

«ቀይ ሆኗል።»

እንግዲህ ሁለት ባትሪ ነበረን። አንዱ ጀልባዋን የሚያስነሳ፣ አንዱ እኔንና እሱን የሚያገናኝ። ሁለቱም እየሞቱ ነው። ሞተሪኖ፣ ማለት ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው፣ ጢቅ ብሎ ዝም ሲል ባትሪው ፈጽሞ አልሞተም ማለት ነው፤ ትንሽ ነፍስ አለችው፣ ሞተር ለማዞር ግን አትበቃም። በሞከሩት ቁጥር ያችኑ ይጨርሷታል።

«ስማኝ። መብራቱንም ሌላውንም ከባትሪው ጋር የተያያዘ ሁሉ ንቀል። ቢላ አለህ?»

«ዓሣ አጥማጅ ቢላ ያጣል እንዴ!»

«ማሰሪያዎቹን ፍታ። የባትሪውን ሁለት ራስ እርሳሱ እስኪነጣ ፋቅ። መልሰህ እስኪያቅትህ አጥብቅ። ከዚያ ሳጥኑን ከወለሉ ፈትተህ ከሞተሩ ጎን አስጠጋ፣ ሙቀት ያግኝ፤ በኮትህ ሸፍነው፣ ውሃ እንዳይረጭበት። ከዚያ ተቀመጥ።»

«ምን ተቀመጥ ይሉኛል? ድንጋዩ እኮ እየታየኝ ነው!»

«ተቀመጥ አልሁህ! የደከመ ባትሪ ካሳረፍኸው ትንሽ ትንፋሽ ይመለስለታል። ላንዲት ጊዜ። ሁለተኛ የለም።»

«እስከ መቼ ነው የማሳርፈው?»

ሰዓት ልነግረው አልፈለግሁም። የፈራ ሰው ሰዓት እያየ አይታገሥም። አስናቀ ደግሞ ዲያቆን ነበር፤ ጸሎቱን በቃሉ ያውቀዋል።

«የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገም። ሳትሮጥ ድገመው። ስትጨርስ አንድ ጊዜ አዙር።»

እሺ ይበል አይበል አልሰማሁም። ስልኩ ተቋረጠ።

ስንዱ ክንዴን ይዛኛለች። «አባባ፣ ጸሎቱ ነው የሚያስነሳው ወይስ ባትሪው?»

«ጸሎቱ እሱን ያሳርፋል። እሱ ሲያርፍ ባትሪው ያርፋል።»

«ያስነሳል ብለውት አልነበር?»

በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ እኔም ውዳሴ ማርያም ጀመርሁ፤ መሐል ላይ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርሁ፤ እንደገና ጠፋኝ። እሱ አሁን የቱ ጋ ደርሷል? ቸኩሎ ይሆን? ሁለቴ አዙሮ ይሆን? ስንዱ ደወለች፤ የቴሌዋ ሴትዮ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» አለቻት። ደግማ ደወለች። «ደሞ ድምፅዋ ደስ ማለቱ!» ብላ ስልኩን ጭኗ ላይ ጣለችው።

አንድ የሽንኩርት መኪና ሾፌር ባትሪ ተሸክሞ መጣ። «ጋሽ እሸቱ፣ ይችን ነገር እስከ ማታ ይሞሉልኛል?» አለ። እሸቱ እኔ ነኝ።

«ሂድ፣ ሌላ ጋ ሂድ።»

«ኧረ ምን አጠፋሁ?»

«የኔ ባትሪ አያስነሳም! ሂድ ብዬሃለሁ!»

ሰውየው ስንዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ባትሪውን እንደ ተኛ ሕፃን አቅፎ በቀስታ ወጣ። እኔ ጋሽ ሞላን አስብ ነበር። በሕይወቱ ከላከው ባትሪ ጋር አብሮ ያልሄደበት ቀን አልነበረም። ያ ሰው ጭንቀት አያውቅም ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ። አብሮ የሄደ ሰው ምን ያስጨንቀዋል? ቢነሣም ቢቀርም እዚያው ነው። የሚጨነቀው የቀረ ነው።

ፀሐይዋ ወደ ምዕራቡ ተራራ ስትጠጋ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ስንዱ ነጠቀችኝ።

«ሃሎ? ... አስኔ! ... የት? ... የት ነህ ነው የምልህ!»

ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ስልኩን አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

«ወጥቻለሁ አባባ። በሰው ስልክ ነው። ጨርሼ አዞርሁት። አንዴ አቃሰተ፣ ሁለቴ አቃሰተ፣ ከዚያ ተነሣ። ጭቃው ላይ እስክትወጣ አላጠፋሁትም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መረቡን ግን ቆርጬ ለቀቅሁት። ካልቀለለች አትነቃነቅም ነበር። ከነዓሣው ሄደ።»

ያ መረብ የሁዳዴው ሥራ ሁሉ ነው። ስንዱ «መረቡ ይሂድ! መረቡ ገደል ይግባ!» አለች፤ ጥቂት ቆይታ ደግሞ ስለ መረቡ አለቀሰች።

ማምሻውን አስናቀ ባትሪውን ይዞ በሚኒባስ መርሳ ገባ። ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ እጁ መዳፉ ተልጧል። እንጀራ ሳይቆርስ ባትሪውን ጠረጴዛዬ ላይ አወጣሁት። ሁልጊዜ ሳጥኑን ጠርጎ፣ ክዳኖቹን አጥብቆ ነበር የሚያመጣልኝ፤ እኔም መለኪያ ነክሬ እዘጋዋለሁ እንጂ ዐይኔ ውስጡን አይለይም። ያን ጊዜ ግን ስንዱን የስልኳን መብራት አብሪልኝ አልኋት። ስድስቱንም ክዳን ከፈትሁ። ላሜራው ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። አሲዱ ደፍርሶ ቀላ ብሏል።

«የሰጠሁህ ውሃ መቼ አለቀ?»

«ጾሙ ሲገባ።»

«ከዚያ ወዲህ ምን ስትጨምር ነበር?»

«እንዳሉኝ ነዋ። ንጹሕ ውሃ።»

«ከየት የመጣ ንጹሕ?»

አስናቀ ስንዱን ተመለከታት። እሷም አየችው።

«እናቴ ጀልባዋ ላይ አይለይህ ብላ በጀሪካን የሰጠችኝ ጠበል አለ» አለኝ። «ከሱ የበለጠ ንጹሕ ከየት አመጣለሁ አባባ?»

ልቆጣ አሰብሁ፤ በምን ልቆጣ? ልስቅም አልቻልሁም። እኔ ንጹሕ አልሁ፤ እሱ ንጹሕ ጨመረ። ማን ዋሸ? ያን ጊዜ ያ በመፍቻ የተመታው እጄ፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ የነደደኝ መሰለኝ። ያ ጠበል ጀሪካኑ ውስጥ ሲቆይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ነው፤ ከተራራው ድንጋይ ጨውን አዝሎ ይወጣል። ጠበሉ ሰውን ይፈውሳል፤ እርሳስን አይፈውስም። ጨው የገባበት ባትሪ ማንም ሳይነካው ራሱን በራሱ እየበላ ይደክማል።

ይህን ሁሉ አስረዳሁት። አዳምጦ አዳምጦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ታዲያ ዛሬ በመጨረሻ ያስነሳው ጠበሉ እንደሆነስ?»

«ባትሪውን የገደለውም እሱ፣ ያስነሳውም እሱ ከሆነ እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

«እኔ አላውቅም አባባ። እኔ ጀልባዋ ላይ ነበርሁ።»

እስከ ዛሬ በዚህ አልተስማማንም። እሱ ጠበሉ ነው ይላል፤ እኔ ዕረፍቱ ነው እላለሁ። ግን ያ «እኔ ጀልባዋ ላይ ነበርሁ» ያለው እንደ እሾህ ገባብኝ። እውነት ነው። እሱ ነበረ፤ እኔ አልነበርሁም።

ያ አሲድ የት ደረሰ ለሚለኝ፣ እሱም ሌላ ጣጣ ነበር። ጠበል ያለበትን ነገር ሰው የሚረግጠው መሬት ላይ አይደፋም። አሲድ ያለበትን ነገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያን አጥር ግቢ ወስጄ ሣር አላቃጥልም። የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። «እሸቱ፣ ስንት ዓመት ሳናዝዝህ ስትሠራ ኖረህ ዛሬ ስለ አሲድ ትጠይቀናለህ?» ብለው ሳቁብኝና፣ እግር የማይደርስበት ቅበረው አሉኝ። በአመድ አብርጄ ከሱቄ ጀርባ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት፤ ድንጋይ ቆልዬበታለሁ፤ እስከ ዛሬ ሰው እንዳይረግጠው እጠብቃለሁ።

ሱቁን የዘጋሁት በዚያው ሰሞን ነው። የዘመኑ ባትሪ ድፍን ስለሆነ ነው ያላችሁ አላችሁ፤ እሱም አለበት። ዋናው ግን ጆሮዬ ነው። ስድስት ቤት ሲፈላ የታመመውን ከጤነኛው ካልለየሁ፣ «ያስነሳል» የሚለው ቃል ከአፌ መውጣት የለበትም። መለኪያውን፣ የውሃ ማውጫ ቱቦውንና ጠርሙሶቹን አልሸጥሁም። ጠርሙሶቹ ላይ በቀለም «ባዶ ውሃ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ፤ የ«ው» እግር ተጣሞብኛል፤ ይነበባል።

ከመዝጋቴ በፊት ግን አንድ ሥራ ቀርቶኝ ነበር።

አስናቀ ከሐይቁ በወጣ ማግሥት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ለራሴ ቤት መብራት የማስቀምጠው ክዳን ያለው ደኅና ባትሪ ነበረኝ፤ ውሃውን በራሴ ቱቦ ያወጣሁት ነው። ስንዱ «አባባ፣ ወዴት ነው?» አለች። «ባትሪ ላደርስ» አልኋት። አስናቀን ቀስቅሼ የሐይቅ ሚኒባስ ተሳፈርን። ባትሪውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁት። ረዳቱ «አባቴ፣ እሱን ከላይ ልስቀለው» ሲለኝ «እኔን ስቀለኝ፣ እሱን ተው» አልሁት፤ መኪናው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ከውርጌሳ ወዲያ የባትሪውን ክዳኖች እየደጋገምሁ አጠበቅሁ።

ጀልባዋ ጭቃው ላይ እንዳለች ነበረች። ባትሪውን በሳጥኑ አሰርሁት፤ ራሶቹን ፋቅሁ፤ አጠበቅሁ፤ ግራሶ ቀባሁ። አስናቀ ጀልባዋን ወደ ውሃው ገፍቶ እጁን ዘረጋልኝ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ወጣሁ። ሳንቃው ከሥሬ ሲወዛወዝ ሁለቱን ጠርዝ ያዝሁ።

«አባባ፣ መረብ የለን፤ ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ወደ ትናንቱ ቦታ።»

ቁልፉን አዞረ፤ ባንዴ ተነሣ። ነፋስ አልነበረም። ዳሩ እየራቀ ሄደ፣ ዛፎቹ አነሱ፣ ውሃው ጠቆረ። ድንጋዩን በጣቱ አሳየኝ። መሐል ላይ ደረስን።

«አጥፋው» አልሁት።